ከለንደን እስከ ስቶክሆልም፦ ርቀትን፣ የበረራ ጊዜንና ሰዓትን አስተካክሎ ማንበብ



በዚህ ዕትም የትምህርት ዓምዳችን ሁለት የአውሮፓ ከተሞችን እንይዛለን። እነርሱም የብሪታንያ ዋና ከተማ ለንደንና የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ናቸው። የመረጥናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለቱም ከተሞች ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ወንድም በአንደኛው፣ እኅት በሌላው የሚኖሩበት ቤተሰብም አለ። ሪሴትልመንት ደርሶት ወደ ስዊድን የሚሄድ ሰውም በለንደን በኩል እንዲያልፍ ሊደረግ ይችላል።

«ከለንደን ስቶክሆልም ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በአውሮፕላንስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ለሚጠይቅ አጭር መልስ አለ። ርቀቱ 1,430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ነገር ግን ቲኬት የያዘ ሰው የተጻፈለትን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ቢቀናንስ ይህን ቁጥር አያገኘውም። ወደ ስቶክሆልም ሲሄድ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ወደ ለንደን ሲመለስ ደግሞ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኖ ይታየዋል። መንገዱም አውሮፕላኑም ያው ሆኖ ሳለ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ይህን ያልተረዳ መንገደኛ ቀጣዩ አውሮፕላን ሊያመልጠው ይችላል። ሊቀበለው የሚመጣው ዘመድም በተሳሳተ ሰዓት ደርሶ፣ አጥቶት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

1ኛ/ ርቀቱ እንዴት ይለካል?

ምድር ክብ ስለሆነች በሁለት ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ በምድር ገጽ ላይ የሚሄድ ቅስት ነው። ይህን በእጃችሁ መሞከር ትችላላችሁ። በትምህርት ቤታችሁ የምድር ሉል ካለ አንድ ክር ውሰዱ። የክሩን አንድ ጫፍ ለንደን ላይ፣ ሌላውን ስቶክሆልም ላይ አድርጋችሁ ወጠር አድርጉት። ክሩ የተኛበት መስመር አጭሩ መንገድ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የሉላችሁ ዙሪያ አንድ ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ሳንቲ ሜትር 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የክሩ ርዝመት 3.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን በ400 ሲባዛ ወደ 1,440 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ይህም ለትክክለኛው በጣም የቀረበ ነው።

በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት ግን ሊያሳስት ይችላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ በምድር ወገብ ላይ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር የኬንትሮስ መስመሮች እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ፣ በስቶክሆልም አካባቢ አንዱ ዲግሪ 57 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ብዙ የግድግዳ ካርታዎች ግን መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች እኩል አራርቀው ስለሚያሳዩ ሰሜኑን ይለጥጡታል። በለንደንና በስቶክሆልም መካከል 18 የኬንትሮስ ዲግሪ አለ። ይህ በምድር ወገብ ላይ በኬንያ ቢሆን ኖሮ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ነበር፤ በስቶክሆልም ኬክሮስ ላይ ግን ወደ 1,030 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለኬንያ የሠራው ማስመሪያ በዚያው ካርታ ላይ ለስዊድን አይሠራም።

ለማነጻጸር ያህል፣ ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በአየር 1,160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከለንደን እስከ ስቶክሆልም ያለው ርቀት ከዚህ በሩብ ያህል ይበልጣል።

በየብስ የሚሄድ ሰው መንገዱ ይረዝምበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በተከፈተው የባሕር ሥር ዋሻ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ፣ በቤልጅየም፣ በጀርመንና በዴንማርክ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በተከፈተው የኤረሱንድ ድልድይ ስዊድን ይገባል። ይህ ሁሉ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውሮፕላኑ ግን የሰሜን ባሕርንና ዴንማርክን አቋርጦ ስለሚያልፍ ያን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እንግሊዞች የመንገድ ርቀትን በማይል ይናገራሉ፤ አንዱ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብራሪዎች ደግሞ 1.852 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የባሕር ማይል ይለካሉ። ስለዚህ አንዱ 1,430 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 890 ማይል፣ ሦስተኛው 770 የባሕር ማይል ቢላችሁ ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ርቀት ነው።

2ኛ/ በረራው ለምን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል?

ከለንደኑ ሂዝሮው እስከ ስቶክሆልሙ አርላንዳ አውሮፕላን ጣቢያ ያለው ርቀት 1,460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመንገደኞች ጄት ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። 1,460ን ለ850 ብናካፍል አንድ ሰዓት ከ43 ደቂቃ ያህል እናገኛለን። የጊዜ ሰሌዳው ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል። የቀረው 47 ደቂቃ የት ሄደ?

ሀ/ የጊዜ ሰሌዳው የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከመሬት ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ አይደለም። ከቆመበት ቦታ ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ ጀምሮ፣ ደርሶ እስከሚቆምበት ድረስ ነው። ሂዝሮው ሁለት መንደርደሪያዎች ብቻ ያሉት፣ ሥራ የሚበዛበት ጣቢያ ስለሆነ አውሮፕላኖች ተራ ይጠብቃሉ።

ለ/ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ሲወጣና ወደ ታች ሲወርድ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው።

ሐ/ በሰማይም መንገድ አለ። አብራሪው ተቆጣጣሪዎች በሚሰጡት መስመር ይሄዳል እንጂ እንደ ክራችን ቀጥ ብሎ አይሄድም።

መ/ አየር መንገዶች ለመዘግየት መጠባበቂያ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ይጨምራሉ።

በተጨማሪም በዚያ ሰማይ ከፍታ ላይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ወደ ስቶክሆልም የሚሄደውን አውሮፕላን ከኋላ ይገፋዋል፤ ወደ ለንደን የሚመለሰውን ከፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ የመልሱ ጉዞ ጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል።

3ኛ/ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት

ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ማለት ነው። ስቶክሆልም ከለንደን በስተምሥራቅ 18 ዲግሪ ርቃ ስለምትገኝ ፀሐይ ቀድማ ትወጣላታለች፤ ሰዓቷም በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ለንደን ውስጥ 10:00 ሲሆን ስቶክሆልም ውስጥ 11:00 ነው።

ሁለቱም አገሮች በማርች ወር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፤ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ይህን የሚያደርጉት በአንድ ቅጽበት ስለሆነ በመካከላቸው ያለው የአንድ ሰዓት ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ኢትዮጵያና ኬንያ ግን ሰዓታቸውን አይነኩም። ስለዚህ ከእኛ ጋር ያላቸው ልዩነት እንደየወራቱ ይለያያል፦

— በብርዱ ወራት (ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ) ናይሮቢ ለንደንን በ3 ሰዓት፣ ስቶክሆልምን በ2 ሰዓት ትቀድማለች።

— በሙቀቱ ወራት (ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ) ናይሮቢ ለንደንን በ2 ሰዓት፣ ስቶክሆልምን በ1 ሰዓት ትቀድማለች።

እነርሱ «በጋ» የሚሉት ጁንን፣ ጁላይንና ኦገስትን መሆኑን አትርሱ፤ ይህ በኢትዮጵያ ክረምት የሚገባበት ጊዜ ነው።

አሁን በመግቢያችን ላይ ያነሣነውን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ሕጉ አንድ ነው፦ ሰዓቶቹን ከመቀናነሳችሁ በፊት ሁለቱንም ወደ አንድ ከተማ ሰዓት አምጡ። በቲኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ፣ የመድረሻ ሰዓቱም የመድረሻው ከተማ ሰዓት ነውና።

ሲሄድ፦ ከለንደን 10:20 ይነሣል፣ ስቶክሆልም 13:50 ይደርሳል። በስቶክሆልም 13:50 ማለት በለንደን 12:50 ነው። ከ12:50 ላይ 10:20 ሲቀነስ 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይሆናል።

ሲመለስ፦ ከስቶክሆልም 18:05 ይነሣል፣ ለንደን 19:45 ይደርሳል። በለንደን 19:45 ማለት በስቶክሆልም 20:45 ነው። ከ20:45 ላይ 18:05 ሲቀነስ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። በመልሱ ላይ የተጨመረችው 10 ደቂቃ ከላይ ለገለጽነው ነፋስ የተያዘች ናት።

(በዚህ ትምህርት ውስጥ የምንጠቅሳቸው የበረራ ሰዓቶች ለምሳሌ የተዘጋጁ ናቸው። ትክክለኛውን ከራሳችሁ ቲኬት ላይ አንብቡ።)

4ኛ/ የቲኬቱ ሰዓትና የእኛ ሰዓት

እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። በኬንያና በታንዛኒያ የሚነገረው ስዋሂሊም እንዲሁ ይቆጥራል፤ «ሳ ናኔ» ማለት ስምንት ሰዓት ነው። ቲኬት ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ይቆጥራል። ለመለወጥ የሚከተለውን ያዙ፦

— ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ቀንሱ። 13:50 ከቀኑ 7 ሰዓት ከ50 ነው።

— ከ19:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ቀንሱ። 20:15 ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 ነው።

— ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ 6 ጨምሩ። 00:15 ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15 ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው የመጨረሻው ነው። ቲኬቱ «ረቡዕ 00:15» ካለ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ረቡዕ የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ ይህ በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15 ነው። ረቡዕ ማታ ዕቃውን ሸክፎ የሚወጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። ከናይሮቢ ወደ አውሮፓ ከሚነሡት በረራዎች ጥቂት የማይባሉት የሌሊት ስለሆኑ ይህን ነጥብ ደጋግማችሁ አስተውሉት። ቀኑና ዓመተ ምሕረቱም በፈረንጅ አቆጣጠር እንደተጻፉ አትዘንጉ።

ሰዓትን በፀሐይ መገመትም በዚያ አገር አይሠራም። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በስቶክሆልም ግን በዲሴምበር ማለቂያ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። በጁን ማለቂያ ደግሞ ፀሐይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወጥታ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ስለዚህ ጨለመ ብላችሁ መሸ፣ ነጋ ብላችሁ ጠዋት ነው አትበሉ፤ ሰዓቱን ተመልከቱ።

5ኛ/ ከናይሮቢ በለንደን በኩል ስቶክሆልም

አሁን የተማርነውን አንድ ላይ እናድርገው። ወሩ ዲሴምበር ነው እንበል። ቲኬቱም እንዲህ ይላል፦

ከናይሮቢ ረቡዕ 00:15፣ ለንደን ረቡዕ 06:15።
ከለንደን ረቡዕ 10:20፣ ስቶክሆልም ረቡዕ 13:50።

የመጀመሪያው በረራ ስድስት ሰዓት ይመስላል። በዲሴምበር ናይሮቢ ለንደንን በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ለንደን 06:15 ሲሆን ናይሮቢ 09:15 ነው፤ እንግዲህ በረራው 9 ሰዓት ነው። በለንደን የሚቆይበት ጊዜ ከ06:15 እስከ 10:20፣ ማለትም 4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው በረራ 2 ሰዓት ተኩል መሆኑን አይተናል። ሲደመር 15 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይሆናል። ስቶክሆልም 13:50 ሲደርስ ናይሮቢ 15:50 ነው። በካምፕ ያለችው እናት ልጇ የሚያርፍበትን ሰዓት ማወቅ ብትፈልግ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ50 እንበላት።

አደጋው ያለው በለንደን ቆይታ ላይ ነው። መንገደኛው የእጅ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እንዳሰረ መጥቷል እንበል። ለንደን ሲያርፍ የእጅ ሰዓቱ 3:15 ይላል፤ ቲኬቱ ደግሞ 10:20 ይላል። «ገና ሰባት ሰዓት አለኝ» ብሎ ወንበር ላይ ጋደም ቢል፣ የቀረው ግን አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሲነቃ አውሮፕላኑ የለም። ስለዚህ ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ በግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አይታችሁ የእጅ ሰዓታችሁን አስተካክሉ። የእጅ ስልክም ከአውታረ መረብ ጋር ካልተገናኘ የመነሻውን አገር ሰዓት እንደያዘ ሊቆይ ይችላል።

10:20 አውሮፕላኑ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት እንጂ የምትሳፈሩበት ሰዓት እንዳልሆነም ዕወቁ። የመሳፈሪያው ሰዓት በመሳፈሪያ ካርዱ ላይ ለብቻው ይጻፋል፤ በሩም ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ሰዓት 15 ወይም 20 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው ለመሄድ አውቶቡስና ዳግመኛ ፍተሻ አለ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ መጀመሪያ በሩን ፈልጋችሁ አግኙ፤ ዕረፍቱ ከዚያ በኋላ ይሁን። ከናይሮቢ ስትነሡም ከሦስት ሰዓት በፊት ተገኙ፤ በዚህ ምሳሌ ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ15 ማለት ነው።

6ኛ/ ከጣቢያው እስከ ቤት፣ ከድንበር እስከ ድንበር

የአውሮፕላን ጣቢያው ስም ከከተማው ስም ጋር ተያይዞ ስለተጻፈ ከተማው ውስጥ ነው ማለት አይደለም። አርላንዳ ከስቶክሆልም በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በስቶክሆልም ስም የሚጠራው ስካቭስታ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በደቡብ ምዕራብ ይገኛል። ለንደንም ሂዝሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተንና ሌሎችም ጣቢያዎች አሏት። ዘመድ ሊቀበላችሁ ከሆነ የከተማውን ስም ብቻ ሳይሆን የጣቢያውን ስም፣ የበረራውን ቁጥርና የተርሚናሉን ቁጥር ንገሩት። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላም ለፓስፖርትና ለሻንጣ አንድ ሰዓት ያህል ሊጨመር እንደሚችል ይወቅ።

በኪሎ ሜትር የማይለካ ርቀትም አለ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በውስጡ የፓስፖርት ቁጥጥር ባነሣው የሼንገን ስምምነት ውስጥ ትሠራለች፤ ብሪታንያ ግን በዚያ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ስለዚህ በለንደንና በስቶክሆልም መካከል የሚጓዝ ሰው ፓስፖርቱ ይታያል፤ የአንዱ አገር ቪዛ ለሌላው አያገለግልም። በአንደኛው አገር የመኖሪያ ፈቃድና የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያለው ሰው እኅቱን ለመጠየቅ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ሰነዱ ያለ ቪዛ ያስገባው እንደሆነ ከሚሄድበት አገር ኤምባሲ ይጠይቅ። ኢትዮጵያውያን ከጣቢያው ሳይወጡ ለማለፍ ብቻም ለብሪታንያ የመተላለፊያ ቪዛ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በሪሴትልመንት የምትሄዱ ግን ጉዞውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ሰነዱን ያሟላል፤ የተሰጣችሁን ከረጢትና በውስጡ ያሉትን ወረቀቶች ከእጃችሁ አትለዩ።

መልመጃ

1. አውሮፕላን ከለንደን 16:45 ተነሥቶ ስቶክሆልም 20:15 ይደርሳል። በረራው ስንት ሰዓት ነው?

2. ከስቶክሆልም 07:10 ተነሥቶ ለንደን 08:50 ይደርሳል። በረራው ስንት ሰዓት ነው?

3. እኅታችሁ ስቶክሆልም 15:00 ታርፋለች። ወሩ ጁላይ ቢሆን በእኛ አቆጣጠር በናይሮቢ ስንት ሰዓት ነው? ጃኑዋሪ ቢሆንስ?

4. ቲኬታችሁ «ከናይሮቢ ሐሙስ 00:40» ይላል። በጣቢያው የምትገኙት መቼ ነው?

መልስ

1. 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ።

2. 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ።

3. በጁላይ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ በጃኑዋሪ ከቀኑ 11 ሰዓት።

4. ረቡዕ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40።

አራቱንም በትክክል የመለሰ ሰው የትኛውንም ቲኬት ማንበብ ይችላል፤ የከተሞቹ ስም ቢለወጥ ስሌቱ አይለወጥምና። በሰፈራችሁ ቲኬት የደረሰው ጎረቤት ካለ፣ በተለይም ማንበብ የማይችሉ አረጋውያን ካሉ፣ አብራችኋቸው ተቀምጣችሁ የመነሻውን ቀንና ሰዓት በእኛ አቆጣጠር በትልቁ ጽፋችሁ ስጧቸው።